ከቤተልሔም በር ጀርባ

ነጅ ሰምዓን፣ አክሚም፣ ግብፅ
ሀቱር 16 ቀን 1984 (ወሩ የእኛው፣ ዓመቱ የፈረንጅ፤ የቀረውን አንተው ቁጠረው)

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፣ አንድ አምላክ።

ለወንድሜ ልጅ ለሐበሺ፤

ባለ ሁለት ሰይፉ መርቆሬዎስ አንዱን ሰይፍ ከፊትህ፣ አንዱን ከኋላህ አድርጎ ይጠብቅህ። እንደምን ሰነበትክልኝ? የኩዌት ሙቀት በረደላችሁ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባይ ደህና ነው፣ ሸንኮራው ደህና ነው፣ እናትህ ኢንሷፍም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። እኔን ከጠየቅህ እንደ በቅሎ ጠንካራ ነኝ።

ዛሬ የገናን ጾም ጀመርን። ከእንግዲህ እስከ በዓሉ ቅዳሴው ስለሚበዛ የቤተልሔሟ ምድጃ አትበርድም። አንተ ከሄድክ በኋላ ጣሪያዋን አድሰናታል፤ ጢሱ ግን ዛሬም የሚወጣው በመስኮቷ ሳይሆን በእኔ አፍንጫ ነው። ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾ፣ መዝሙረ ዳዊትና እኔ፤ ሌላ አዲስ ነገር የለም። ጺሜ ሳይወጣ የገባሁባት ቤት፣ ጺሜ ከዱቄቱ ጋር እስኪመሳሰል ድረስ አላባረረችኝም። ለዚህ አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። የሐጂ ረድዋን ወፍጮ ሸካራ ሆኗል፤ ሰውዬው ለቤተ ክርስቲያን ብሎ ድንጋዩን ለብቻው አጥቦ ነው የሚፈጭልን፣ ግን ገለባው አልጠፋ አለ። እናንተ ዘንድ የሐር ወንፊት አይታጣም ይላሉ። ካገኘህ ላክልኝ። ለራሴ ምንም አልፈልግም።

እናትህ ሰላም ትልሃለች። ሌላም ነገር ትላለች። እሱን አንተም ታውቀዋለህ፣ እኔም አልጽፈውም።

አጎትህ ዋኒስ፣
የመርቆሬዎስ ኅብስት ጋጋሪ


ኩዌት ከተማ
ዲሴምበር 14 ቀን 1984

ለተከበሩ አጎቴ ለዋኒስ፤

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ሳነበው ዱቄት ዱቄት ሸተተኝ። እኔ ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። ወንፊቱን ገዝቻለሁ፤ የሰፈራችን ሰው ለቢብ ለገና ወደ አገር ቤት ስለሚገባ በእሱ እጅ ይደርስዎታል።

ሥራ በዝቶብናል። የምሠራበት ኬክ ቤት ለፈረንጆች አዲስ ዓመት ሲል በክሬም ሰጥሟል። ባለፈው ሳምንት አንድ ባለጸጋ የራሱን ፊት በኬክ ላይ አሠርቶ ወሰደ፤ ማን አፍንጫውን እንደሚቆርጠው እንጃ። ሊባኖሳዊው ባለቤቱ እጄን ይወዳታል። እኔን እንኳ እምብዛም።

እናቴ የምትለውን እርስዎ ባይጽፉትም አነበብኩት። እኔ ሳልወለድ፣ መካን ናት ተብላ በተማረረችበት ጊዜ፣ ከመርቆሬዎስ ሥዕል ፊት ቆማ «ወንድ ልጅ ከሰጠኸኝ ለቤትህ አገልጋይ አደርገዋለሁ» ብላ ተሳለች። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ልጠየቅም አልችልም ነበር፣ ያው አልነበርኩም። አጎቴ፣ ስለቱን መክፈል አልጠላም፤ ግን ቄሳችንን አባ ሰርግዮስን ይጠይቁልኝ፣ በሰው ፋንታ ዕቃ ይሆናል ወይ? የኤሌክትሪክ ሊጥ ማቡኪያ ልላክ። አንድ ጆንያ ዱቄት ቢያስገቡበት «ወገቤን» አይልም። እርስዎም ያርፋሉ፣ እናቴም ታርፋለች፣ መርቆሬዎስም አይከፋም።

የእጅ ጽሑፍዎ ወደ ታች ማዘንበል ጀምሯል። በጋሪ ላይ ሆነው ነው የጻፉት?

የወንድምዎ ልጅ ሐበሺ


ነጅ ሰምዓን
ጦባ 8 ቀን 1985

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም።

ለሐበሺ ልጄ፤

የተወለደው ሕፃን በሄድክበት ሁሉ በር ይክፈትልህ። ወንፊቱ ደረሰኝ፤ ድንቅ ነው። ሐጂ ረድዋን በብርሃን ላይ ዘርግቶ አየውና «ይህ የሙሽራ ዓይነ ርግብ ነው እንጂ ወንፊት አይደለም» አለ።

ገና ደስ ብሎን ዋለ። የኪያክን ወር ሙሉ፣ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ እመቤታችንን ስናመሰግን እያደርን የአባ ሰርግዮስ ድምፅ ተዘግቶ በበዓሉ እንደ ዳክዬ ቀደሱ። ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ተርፎ ግቢውን ሞላው። እናትህ የበዓሉን ብስኩት፣ ካሕኩን ጋግራ፣ ስኳሩን እንደ ኖራ ለስናበት፣ ላልጠየቃትም ሁሉ አደለች። አሁን ጥምቀት ሦስት ቀን ቀርቶታልና ለበዓሉ የሚቀቀለውን ሥር፣ ቆልቃሱን ልጣ ተቀምጣለች።

ስለ ማቡኪያው አባ ሰርግዮስን ጠየቅኳቸው። «ማሽኑ ዳዊት ይደግማል ወይ?» አሉኝ። አይደግምም አልኩ። «እንግዲያው ለራሱ ኬክ ያቡካበት» አሉ። ስለ ስለቱ ደግሞ እንዲህ አሉ፤ «ስለቱ የእናቲቱ ነው፣ ልጁ ግን የራሱ ነው። አድጓልና እሺም ይበል፣ እምቢም ይበል፤ እግዚአብሔር በዕዳ የያዘው አገልጋይ የለውም።» እናትህ ይህን ስትሰማ አኮረፈች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ ሲያልቅ የአባ ሰርግዮስን እጅ ሳትስም በሌላው በር ትወጣለች።

በል እንግዲህ። የሚመጣ ሰው ካገኘህ የእጅ ቅባት ላክልኝ፣ ወፍራሙን፣ ለቃጠሎ የሚሆነውን። ለጎረቤት ነው።

አጎትህ ዋኒስ


ኩዌት ከተማ
ማርች 3 ቀን 1985

ለተከበሩ አጎቴ ለዋኒስ፤

ጤናዎ እንደምን ነው? እንዲያው ለወጉ አይደለም የምጠይቅዎ፣ እውነቱን ይንገሩኝ።

ለቢብ ተመልሶ መጣ። ምላሱን መያዝ እንደማይችል እርስዎም ያውቁታል። ከእናቴ የተላከልኝን ጥቁር ማር አስረከበኝና ገና ሳይቀመጥ «የዘንድሮ ገና ኪርያላይሶን ሁለቴ ተጀመረ» አለኝ። አልገባኝም አልኩት። እየደጋገመ ነገረኝ።

አጎቴ፣ እኔ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ነው ያደግሁት። ሕዝቡ አርባ አንዱን ኪርያላይሶን የሚለው፣ ካህኑ ከመሶቡ ውስጥ ነውር የሌለበትን አንድ ኅብስት እስኪመርጥ ድረስ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ እዚያ ሳለሁ ሃያ እንኳ ሳይሞላ ካህኑ አንዱን ያነሱ ነበር፤ ቀሪውን ሰዉ እፎይ ብሎ ነበር የሚለው። በገና ሌሊት ግን አርባ አንዱ አልቆ አባ ሰርግዮስ አሁንም ያገላብጡ ነበር አለኝ። አንዱ የተሰነጠቀ፣ አንዱ ታቹ ያረረ፣ አንዱ የመስቀል ማኅተሙ የጠፋ። ዝም ማለት ቢያሳፍራቸው ሰዎቹ እንደገና ከአንድ ጀመሩ። ማንም ወደ ቤተልሔም በር አላየም አለኝ ለቢብ። ይሄ ነው የባሰውን ያስለቀሰኝ።

ቅባቱን ልኬያለሁ። ጎረቤትዎ ማነው? አጎቴ፣ ጎረቤትዎ ማነው?

ሐበሺ


ኩዌት፣ ጁን 9 ቀን 1985

ለአጎቴ ለዋኒስ፤ ጤና ይስጥልኝ። ፋሲካም አለፈ፣ ጰራቅሊጦስም አለፈ፣ ከእርስዎ ግን አንዲት መስመር አላገኘሁም። የተቆጡ እንደሆነ ተቆጥቻለሁ ብለው ይጻፉልኝ። ስድብም ቢሆን በእጅ ጽሑፍዎ ይምጣልኝ።

ሐበሺ


ነጅ ሰምዓን
ቱት 1 ቀን 1985፣ የዘመን መለወጫ

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም።

ለሐበሺ፤

አዲሱን ዓመት የሰላም ያድርግልህ። ለቢብን ደግሞ እግዚአብሔር ይይለት።

ተቆጥቼ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ተቆጣሁ፤ በመጨረሻ ሰለቸኝ። እንግዲህ ስማ። ጎረቤቱ እኔ ነኝ። ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ሊጡ በእጄ ውስጥ ሆኖ ሊጥ ይሁን ጭቃ አላውቅም። እሳቱ ሲነካኝ አይሰማኝም፤ የተቃጠልኩትን በአፍንጫዬ ነው የማውቀው። አክሚም ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ «ስኳር ነው» አለኝ። ፍርድ አይታይህም? ዕድሜዬን ሙሉ ስኳርም ጨውም ያልነካው ዳቦ ጋግሬ ስኳር እኔን ያዘኝ፤ አንተ በስኳር ውስጥ እየዋኘህ ጤነኛ ነህ።

ያን ሌሊት ልንገርህ፣ ለማንም አልነገርኩም። እኔ መሶቡን ካስረከብኩ በኋላ ሁልጊዜ ከቤተልሔም በር ጀርባ ቆሜ እቆጥራለሁ። ልማዴ ነው። በአሥረኛው፣ በአሥራ አምስተኛው፣ አባ ሰርግዮስ አንዱን ሲያነሱ ይገባኛል፤ የሰዉ ድምፅ ይለወጣል። ያኔ «ተቀበልከኝ» ብዬ ወገቤን አቃናለሁ። ያን ሌሊት ሠላሳ አለፈ። አርባ አለፈ። እንደገና ከአንድ ሲጀምሩ ከዱቄቱ ማሰሮ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሐበሺ፣ እኔ ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ ለእሱ የሰጠሁት ያንን ብቻ ነው። «ጌታ ሆይ፣ ዕድሜዬን ነበርኮ ያቀረብኩልህ፣ መለስከው ወይ?» አልኩ። በመጨረሻ ከሁሉ የተሻለውን መረጡ። የተሻለው ማለት ያልተሰነጠቀው ማለት ነው።

አባ ሰርግዮስ ደግ ሰው ናቸው። አልገሠጹኝም። «የሚመጣውን ገና እንይ፤ ካልሆነ ኅብስቱ ከአክሚም ከተማ ይመጣልናል፣ ዋኒስም ያርፋል» አሉ። ያርፋል የሚባለው የሞተ ሰው ነው።

አንተ ሊጥ ታውቃለህ። ጣት የሌለው ሰው ሊጥ መድረሱን በምን ያውቃል? እሱን ጻፍልኝ። ሌላ ምንም አትላክ። ለእናትህም ትንፍሽ እንዳትል።

ዋኒስ


ኩዌት ከተማ
ኦክቶበር 25 ቀን 1985

ለተከበሩ አጎቴ ለዋኒስ፤

እግዚአብሔር በምሕረቱ ይዳብስዎ። ደብዳቤዎን ሦስት ቀን በኪሴ ይዤው ዞርኩ። ከዚያ ማልቀሱን ተውኩና ማሰብ ጀመርኩ።

ክርንዎን ይጠቀሙ። ክርን አይደነዝዝም። ሊጡን በክርንዎ ጫን ያድርጉት፤ ጉድጓዱ ቶሎ ዘሎ ከተመለሰ ገና ነው፣ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል፣ ጭራሹን ካልተመለሰ አልፎበታል። የውሃውን ሙቀት በከንፈርዎ ይለኩ፣ የሊጡን በጉንጭዎ። ምድጃው ውስጥ በምንም ዓይነት እጅዎን እንዳይከቱ! ወለሉ ላይ ቆንጥር ዱቄት ይበትኑና ይዩት፤ ቀስ ብሎ ከቀላ ያስገቡ፣ ወዲያው ከጠቆረ በሩን ከፍተው አንድ መዝሙር ይድገሙና ይጠብቁ። እዚህ ዓይኑ የደከመ አንድ ሶርያዊ ሽማግሌ በዚህ መንገድ ሲጋግር አይቻለሁ፤ ዳቦው ከእኔ ይበልጣል።

ይህን ሳስብልዎ ራሴን መሞከር አማረኝ። እዚህ ባለችን ቤተ ክርስቲያን ኅብስት የሚጋግረው ማሕሩስ የሚባል የጣንጣ ሰው ነው። ለመንኩት፤ እሺ አለኝ። እዚህ ሥራ የሚዘጋው ዓርብ ስለሆነ ዓርብ ዓርብ ነው የምንቀድሰው፤ ሌሊቱን ከሥራ በቀጥታ የሥራ ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ ሄድኩ። አቦካሁ። ዳዊቱን ደገምኩ፣ ግማሹ ጠፍቶኛል፣ ማሕሩስ ሞላልኝ። ማኅተሙን መታሁ፣ አምስቱን ቀዳዳ ወጋሁ፤ ሦስቱን በአንድ ወገን፣ ሁለቱን በሌላው። ማሕሩስ እንጨት ሊያመጣ ወጣ። አጎቴ፣ ከዚያ በኋላ እጄ ራሱን ችሎ ወደ ቦርሳዬ ገባ፣ ብሩሹን አወጣ፣ የተረፈኝን የተመታ እንቁላል አወጣ፣ ኅብስቱን ሁሉ ዳር እስከ ዳር ቀባው። እኔ አልነበርኩም፣ እጄ ነው! ሁሉንም ዳቦ እንዲህ ስለሚያደርግ ነው። ደግሞ እንዴት ያንጸባርቅ እንደነበር ቢያዩት።

ማሕሩስ ተመልሶ ሲያይ እንጨቱ ከእጁ ወደቀ። «ሰውዬ፣ ቁርባን ነው ወይስ ሠርግ?» አለኝ። እንደገና አቡክተን እስክንጋግር ዲያቆኑ ሕዝቡን የማያልቅ ዜማ ሲያስጎትት አረፈደ። ካህኑ በኋላ ጠርተው «አዲሱ ጋጋሪ አንተ ነህ?» አሉኝ። መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ።

ቢሆንም በሳምንቱ ተመለስኩ። ቦርሳዬን ማሕሩስ በር ላይ ተቀበለኝ፣ እንደ ፖሊስ። በሦስተኛው ዓርብ ብቻዬን ተወኝ። መሶቡን አስረከብኩና ከበሩ ጀርባ ቆምኩ። መቁጠር እንዳለብኝ ማንም አልነገረኝም፤ ከእርስዎ ደብዳቤ ይሆናል የመጣብኝ። በዘጠነኛው ላይ የሰዉ ድምፅ ተለወጠ። አጎቴ፣ ደስ አለኝ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም ብል አልዋሸሁም። በማግሥቱ ለአንድ ባለጸጋ ሠርግ ባለ ብዙ ፎቅ ኬክ ሠራሁ፤ እጄ ይሠራል፣ ልቤ ግን እዚያው በር ጀርባ ቀረ።

ባለቤቱ ከአዲሱ ዓመት ጀምሮ ዋና ጋጋሪ ሊያደርገኝ ነው። ለእናቴ ይንገሩልኝ፣ ደስ ይበላት።

የወንድምዎ ልጅ ሐበሺ


ነጅ ሰምዓን
ሀቱር 16 ቀን 1985

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም።

ለልጄ ለሐበሺ፤

ጾመ ነቢያትን በሰላም ጀምሮ በሰላም ለመፍታት ያብቃህ። ስለ እንቁላሉ ያነበብኩ ቀን በሳቅ ምድጃው ላይ ልወድቅ ነበር። ለአባ ሰርግዮስ ባልነግራቸው ይሻል ነበር፤ እሑድ ዕለት መሶቡን ሳቀርብላቸው ኅብስቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰዉ በተመስጦ ላይ ያሉ መስሎት ራሱን ዝቅ አደረገ።

ክርንህ ሠርቷል። ሊጡ ተስተካክሏል፣ ማረሩም ቀርቷል። ሐጂ ረድዋን ሲያየኝ «ሊጡን ምን አድርጎህ ነው በክርን የምትደቁሰው?» ይለኛል። ማኅተሙ ግን ክርን አይገባውም። ይንሸራተትብኛል። ቀዳዳውን ስወጋ ደግሞ አንዱ ከመስመሩ ይወጣል። እነዚህ የጣት ሥራዎች ናቸው። ስለዚህ የዘንድሮውን ገና እንደምንም ጋግሬ ቁልፉን አስረክባለሁ። አልከፋኝም ብል ውሸት ነው፤ ከፍቶኝ ነበር፣ አልቅሼ ጨርሻለሁ። ብዙ ዓመት ተቀበለኝ፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ ልለው ነው?

ስለ ዋና ጋጋሪነትህ ለእናትህ ነገርኳት። እልል አለች። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ድስቱን ሁሉ አጠበች፣ ንጹሑንም። ጾሙ ዓሣ አይከለክልምና ማታ ቡልቲ ጠብሳ ላከችልኝ፤ ጨው ረስታለች።

አንድ ነገር ልንገርህና ልጨርስ። ከደብዳቤህ ውስጥ አንድ ነገር ሸቶኛል፣ አፍንጫዬ ገና አልደነዘዘም። ለአጎቴ አዝናለሁ ብለህ እንዳትመጣ። ለእናቴ ስለት ብለህም እንዳትመጣ። እኔን ወደዚህች ቤት ያመጣኝ ማንም አልነበረም፤ ርቦኝ ገባሁ፣ እሱ ነው ያቆየኝ። ዋና ጋጋሪ ሁን፣ አግባ፣ ወፍር። የማስቸግርህ ነገር የለም፣ ምንም አትላክ።

አጎትህ ዋኒስ


ኩዌት ከተማ
ዲሴምበር 17 ቀን 1985

ለአጎቴ ለዋኒስ፤

ርቦኛል።

ዋናውን ጋጋሪነት ለሶርያዊው ሽማግሌ ልጅ ተውኩለት። ባለቤቱ አብደሃል አለኝ፤ ከዚያ እጄን ሳመና፣ እኔን ሳይሆን እጄን፣ ተሰናበተኝ። ቀን ቀን አክሚም ገበያ ዳቦ እየጋገርኩ እኖራለሁ፣ ስለ ኑሮዬ አይስጉ። ሌላው ጊዜ የመርቆሬዎስ ነው። እናቴ ስለተሳለችኝ አይደለም፤ አሁን እኔው ራሴን ተሳልኩ።

የገና ዋዜማ ሳይደርስ እገባለሁ። እርስዎ ክርን አለዎት፣ እኔ ጣት አለኝ፤ ሁለታችን ተደምረን አንድ ጋጋሪ አይወጣንም? የእንጨቱ ማኅተም እንዳይሰነጠቅ ዘይት ቀብተው ይጠብቁኝ። ለእናቴ አይንገሯት። በሯን ራሴ አንኳኳለሁ።

ብሩሹን እዚሁ ትቼዋለሁ።

ሐበሺ


ከመርቆሬዎስ ግቢ፣ ነጅ ሰምዓን
ኪያክ 30 ቀን፣ የገና ማግሥት፣ 1986

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም።

ለሐበሺ፤

ይህ ደብዳቤ ቴምብር የለውም። አንተ ከግድግዳው ወዲያ እያንኮራፋህ ነው፣ እኔ ደግሞ አፍ ለአፍ የማይወጣልኝን መጻፍ ስለለመድኩ እየጻፍኩልህ ነው። ከዱቄቱ ማሰሮ ክዳን ላይ አኖረዋለሁ፤ ስታነሳው ታገኘዋለህ።

ትናንት ከበሩ ጀርባ ነበርክና በውስጥ የሆነውን አላየህም። ከዚያ በር ጀርባ የሚቆም ሰው ምንም አያይም፣ እኔ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ልንገርህ።

ሊጡን በክርኔ ካደረስኩልህ፣ አንተም ማኅተሙን መትተህ ከወጋህ በኋላ «እኔ እበቃለሁ፣ ልብስዎን ይቀይሩና ይግቡ» ስትለኝ የምገባበት ጠፍቶኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ገናን ከሕዝቡ መሐል ቆሜ አላውቅም። የት እንደሚቆም እንኳ ግራ ገብቶኝ ከምሰሶው ሥር ተጠጋሁ፤ ሰዎቹ ዞር ዞር እያሉ ያዩኛል፣ ከሥዕል የወረደ ቅዱስ ያዩ ይመስል። እናትህ ከሴቶቹ ወገን የፊተኛው መስመር ላይ ነበረች። አንተ በሯን ካንኳኳህባት ቀን ጀምሮ ዓይኗ አልደረቀም፤ እኛ ዘመዶቿም ሁላችን ጾማችንን በእንባ ነው የፈታነው።

አባ ሰርግዮስ መሶቡን ተቀበሉ። ኪርያላይሶን ተጀመረ። እያገላበጡ ሲያዩ ፊታቸው አበራ፣ አልደብቅህም። አንዱን ይይዛሉ፣ ያስቀምጣሉ፣ ሌላውን ይይዛሉ፤ የሚመርጡት ጠፍቶ ሳይሆን የሚጥሉት አጥተው ነው። ከዚያ አንዱን አንሥተው ወደ ልባቸው አስጠጉት። በዚያች ሰዓት እናትህ ድንገት እልል አለች! በዚያ ቦታ እልልታ ወግ አይደለም። አባ ሰርግዮስ ሊቆጡ ዞር አሉ፤ ማን እንደሆነች ሲያዩ ራሳቸውን ነቅንቀው ዞሩ። ስለቷ የተከፈለው ያኔ ነው። ቅዳሴው ሲያልቅ ሄዳ እጃቸውን ሳመች። ያለፈውን ዓመት ኩርፊያ ሁሉ ደምራ ነው መሰለኝ ብዙ ጊዜ ሳመቻቸው።

ጠዋት አንተ ገና ዓይንህን ሳትገልጥ የመጀመሪያ ጥያቄህ «በስንተኛው ላይ ተመረጠ?» የሚል ነበር። ከጭንቀት የተነሣ መቁጠር እንዳልቻልክ ነገርከኝ። እኔም «አላውቅም» አልኩህ። ፊትህ ጠቆረ፤ እንዳላሳፍርህ የደበቅኩህ መሰለህ።

ሐበሺ፣ እውነቴን ነው፣ አላውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተባለው፣ ከአርባ አንዱም አላለፈም፤ ከዚያ ወዲያ የማውቀው የለኝም። ልቆጥር ጀምሬ ነበር፣ ለምዶብኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ካልኩ በኋላ ከጎኔ ያለው ሰው ድምፁን ከፍ አደረገ፣ እኔም ከፍ አደረግሁ። ያን ሁሉ ዓመት ከበሩ ጀርባ ሆኜ የሰማሁት ጸሎት በራሴ አፍ ሲወጣ አለቀስኩ። አቤቱ ማረን አልኩ፣ እንደገና ማረን አልኩ፣ እንደ ማንኛውም ሰው። ቆጠራው ጠፋብኝ።

አጎትህ ዋኒስ፣
ከሕዝቡ አንዱ